ለቤዝ ተጫዋቹ ምሽት አዘጋጀሁ፤ ቤዙን አስጠፉት

ስለ ጆን ዲከን የሙዚቃ ምሽት ላዘጋጅ ነው ስላቸው ጓደኞቼ ሁሉ የመለሱልኝ አንድ ነው፦ «ማነው ደግሞ እሱ?» ኩዊን የሚባለውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ያውቁታል። ድምፃዊው ፍሬዲ ሜርኩሪማ የታወቀ ነው። ፀጉሩ የተንጨባረረውን ጊታሪስት ብራያን ሜይንም በመልክ ይለዩታል። ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር ላይ ትንሽ ያመነታሉ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ጭጭ። ያ አራተኛ ሰው ቤዚስቱ ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ቤዝ ጊታር የሚጫወተው።

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ምሽት ለማዘጋጀት የሚያስብ ሌላ ሰው ካለ ይህንን ያንብብ። እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ የለም። ልምምዱ፣ ዘፈን መምረጡ፣ ሰው መጥራቱ ምንም አይደል፣ ይወጡታል። ጉዱ ያለው ሌላ ጋ ነው።

መጀመሪያ ለምን ዲከንን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ፤ ካለዚያ ንዴቴም አይገባችሁም።

ዲከን እ.ኤ.አ. በ1951 እንግሊዝ ሌስተር ውስጥ ተወለደ። በ1971 ኩዊንን ሲቀላቀል ከአራቱ ትንሹ እሱ ነበር። ከሱ በፊት ሌሎች ቤዚስቶች ተሞክረው አልሆነላቸውም። ዝምተኛ ነው፣ ዘፈን አይመራም፣ መድረክ ላይም ጥግ ይዞ ነው የሚቆመው። ለንደን ቼልሲ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ተምሯል፤ ያውም በከፍተኛ ማዕረግ ነው የተመረቀው። አንድ ቀን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የተጣለ ሰርኪዩት ቦርድ አግኝቶ በባትሪ የሚሠራ ትንሽዬ አምፕሊፋየር ሠራበት። ብራያን ሜይ ያቺን ነገር ስቱዲዮ ውስጥ ለዓመታት ተጠቀመባት። እንደ ኦርኬስትራ ተደራርቦ የሚመጣውን የኩዊንን ጊታር ስትሰሙ እዚያ ውስጥ የዲከን እጅ አለበት። ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

ዘፈኖቹ ደግሞ አሉ። «ዩር ማይ ቤስት ፍሬንድ» የሱ ነው፤ 1975። ፍሬዲ ለዘፈኑ የተፈለገውን ኤሌክትሪክ ፒያኖ አልወደደውም፤ ትልቁን ፒያኖዬን ካልሆነ አለ። ዲከን ራሱ ተለማመደና ራሱ ተጫውቶ አስቀዳው። «አይ ዋንት ቱ ብሬክ ፍሪ»ም የሱ ነው። በ1980 የወጣው «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት»ም የሱ ነው። ይሄኛውን ቺክ ከተባለው የኒውዮርክ ባንድ የዳንስ ሙዚቃ ተነክቶ ነው የሠራው። ከቤዙ ሌላ ጊታሩንና ፒያኖውንም ራሱ ተጫውቶበታል። ሮጀር ቴይለር በነጠላ ዘፈን እንዲወጣ አልፈለገም ነበር። «ይሄንንማ አውጡት» ብሎ የገፋፋቸው ማይክል ጃክሰን ነው። ወጣ፤ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆነ። የሮክ ባንድ የነበረው ኩዊን በዚያ ዘፈን የጥቁር አሜሪካውያን ዳንስ ቤት ገባ። ያስገባው ጥግ የቆመው ልጅ ነው።

እኛስ ጋ? የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮ ነው። የዚያን ዘመን ካሴት ያደመጠ ሁሉ ጣቱን ሰምቷል። ስሙን ጥሩ ስትሉ ግን ያው ጭጭ ነው።

ወደ አሠራሩ ልግባ። ባንዱን ከሥራ ባልደረቦችና ከሰፈር ልጆች አሰባሰብኩ። ቤዙን እኔ ያዝኩ። ዘፈኖቹን በስልክ ስፒከር ለማጥናት አትሞክሩ፤ የቤዝ ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ ስልክ ያንን ድምፅ አያወጣውም። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ፈልጉ። ኢንተርኔት ላይ ያሉትን ታቦችም (የትኛው ክር የት ጋ እንደሚያዝ የሚያሳዩትን ጽሑፎች) አትመኗቸው። ኖታውን ይነግሯችኋል፣ ዝምታውን አይነግሯችሁም።

ዝምታውን ስል ምን ማለቴ ነው? «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» ላይ ቤዙ ሦስት ጊዜ አንድ ኖታ ይመታል። ዱም። ዱም። ዱም። ከዚያ ያቆማል። ያ ባዶ ቦታ ነው ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሳው። ባዶ ለማድረግ ደግሞ ሥራ አለው። የግራ እጅ ጣት ክሩን ሳይለቅ ጫናውን ብቻ ያነሳል፣ የቀኝ እጅ መዳፍ ደግሞ የቀረውን ንዝረት ያፍናል። ትንሽ ከዘገያችሁ ድምፁ ወደ ባዶው ይፈሳል፣ ዘፈኑም ይላሽቃል። ብዙ ማታ የፈጀብኝ ኖታው ሳይሆን ይሄ ነው። በመጨረሻ ግን ይዤዋለሁ፣ በዚህ አልከራከርም።

ቦታው የአንድ ላውንጅ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ባለቤቱ «ደብዳቤ ይዘህ ና» አለኝ። ሄድኩ፣ ወደሚመለከተው ቢሮ። ሠራተኛዋ ማመልከቻዬን አንብባ ቀና አለች።

«ባለታሪኩ መቼ ነው ያረፉት?»

«ኧረ በሕይወት አሉ።»

«እና ይመጣሉ?»

«አይመጡም።»

«ለምን?»

ነገርኳት። ፍሬዲ በ1991 ሞተ። ዲከን ከዚያ በኋላ ልቡ ሙዚቃው ላይ አልነበረም። በጥር 1997 ፓሪስ ላይ ከባንዱ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ መድረክ ላይ ተጫወተ፤ ኋላም ቤቱ ገባ። በ2001 ኩዊን የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ውስጥ ሲገባም አልሄደም። ሰው ፊት መቆም በቃኝ ያለ ሰው ነው።

«ታዲያ ሰውዬው ራሳቸው የተዉትን አንተ ምን አገባህ?»

እስካሁን ያናድደኛል። ቅጹ ላይ «መታሰቢያ» የሚለው ለሞተ ሰው ነው ተባለ። «ኮንሰርት» ከተባለ ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት ሊኬድ ነው። በስንት ልመና «የባህል ዝግጅት» ተብሎ ማኅተም ተመታበት። የሌስተሩ ልጅ የባህል ዝግጅት ሆነ።

ማታው ደረሰ። ሰው ሞላ፤ ከጠበቅኩት በላይ። በ«ዩር ማይ ቤስት ፍሬንድ» ከፈትን። ሁሉም በታዋቂው ጀምሩ ይላችኋል፤ አትስሟቸው። በዚህኛው ላይ ቤዙ ከድምፃዊው ጎን ለጎን ሌላ ዜማ እየዘፈነ ነው የሚሄደው። ጆሮ ቀስ ብሎ ወደ ታች እንዲወርድ የሚያስተምር ዘፈን ነው። ሠራልንም። የፊት ጠረጴዛ ላይ የነበሩ ሴትዮ ዓይናቸውን ከድምፃዊው አንስተው እኔ ጣት ላይ አደረጉ። ለቤዚስት ይህ ስንት ጊዜ ይገጥመዋል?

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሁለት ሰዎች ገቡ። ሪፍሌክተር ለብሰዋል፣ መዝገብ ይዘዋል። አንደኛው ቀጥ ብሎ ሳውንድ ማኑ ጋ ሄደ።

«ወንድሜ፣ ያንን ዱም ዱም የሚለውን አጥፋልን።»

ደብዳቤውን አውጥቼ ሮጥኩ። አየው፣ አገላበጠው። «ይሄ የባህል ዝግጅት ነው የሚለው። ዱም ዱም አይልም።»

«ስንት ዲሲቤል ሆነባችሁ?» አልኩ። የድምፅ መለኪያ የላቸውም። ሌላኛው ስልኩን አወጣና አንድ አፕ ከፈተ። ስፒከሩ ሥር ቆሞ ለካ! ስፒከር ሥር! ለንግድ አካባቢ የተቀመጠው ገደብ ቀን 65፣ ማታ 55 ዲሲቤል ነው፤ ለመኖሪያ ሰፈር ደግሞ 55 እና 45። ሁለት ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲያወራ ራሱ 60 ይጠጋል። ቁጥሩ የወጣው ጎረቤት ጆሮ ላይ ለሚደርሰው ድምፅ ይመስለኛል እንጂ አምፕሊፋየር አቅፎ ለቆመ ሰው አይደለም። ይህን ሁሉ እየጮህኩ ነገርኩት። «አለቃ፣ እስቲ ውጪ ወጥተን እንለካ» አልኩ። «እኛ ዱም ዱሙን ከታች መንገድ ላይ ሆነን ነው የሰማነው፣ ምን ልኬት ያስፈልገዋል?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ሰውዬው መስማቱንስ ሰምቷል። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ያስቀረዋል። ወፍራሙ ግን ግድግዳውን ራሱን እያንቀጠቀጠ ያልፋል። ስለዚህ ጊታሪስቱ የፈለገውን ያህል ቢጮህ ጎረቤት የሚከሰው ቤዚስቱን ነው። ደንበኛው የድምፅ መለኪያ ደግሞ እንደ ሰው ጆሮ እንዲሰማ ሲስተካከል ወፍራሙን ድምፅ አቅልሎ ነው የሚቆጥረው። በመሣሪያ ቢለካ ኖሮ ከኔ ይልቅ ከበሮና ጊታሩ ይያዙ ነበር ማለት ነው! ይህንንም ነገርኩት። «ትምህርትህ ምንድነው?» ብሎኝ ሄደ።

ሳውንድ ማኑ የኔን ፌደር (የቤዙን ድምፅ መቆጣጠሪያ) እስከ ታች አወረደው። ልንገረው እንኳን አላለም። ያስከፈለኝን ሳስበው ደሜ ይፈላል። «ቢያንስ ከፊሉን ተውልኝ» አልኩት። «ሰውዬው እያየኝ ነው» አለ። ባለቤቱ ደግሞ ከባንኮኒው ጀርባ እጃቸውን አጣምረው፣ «ልጄ፣ ነገ ንግድ ቤቴን ቢያሽጉብኝ ዲከን ይከፍትልኛል?» አሉኝ። ምን ይባላል?

ቀጣዩ «አንደር ፕሬዠር» ነበር። ኩዊን ከዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ ጋር ስዊዘርላንድ ሞንትሩ ላይ የሠሩት፣ 1981። ዘፈኑ የሚከፈተው በቤዝ ነው፤ ሁለት ኖታ ብቻ፣ አንዱ ስድስት ጊዜ ሌላው አንድ ጊዜ። እኔ እየተጫወትኩ ነው፤ ድምፅ የለም። ሰው ጣቱን እያጮኸ ይጠብቃል። ኪቦርዲስታችን አዘነልኝ መሰለኝ ያንን ዜማ ወደ ላይ አውጥቶ በቀኝ እጁ ነካካው። የስልክ ጥሪ ሆነ። ድምፃዊው ገባ፤ ከሥሩ የሚቆምበት የለም። ጊታሩ ብቻውን ይቧጭራል። ከበሮው ዘፈኑ ስለተንጠለጠለበት ይመስለኛል ፍጥነት ጨመረ። ያለ ቤዝ የሰማችሁት ዘፈን ቀጥኖ የሚቀር ብቻ ይመስላችኋል። ሌሎቹንም ነው የሚያበላሻቸው። አንዱ ሌላውን የሚጠብቅበት ነገር ይጠፋል።

ከዚያ «አናዘር ዋን» መጣ። እዚህ ላይ አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ወጣቶች ቤዙን በአፋቸው ይሉት ጀመር። ዱም ዱም ዱም! ሌላውም ጠረጴዛ ተቀበለ። ሪፍሌክተር የለበሰው ሰውዬ ማንን እንደሚያጠፋ ጠፋው። ጓደኞቼ ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ በፍቅር ያወራሉ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ዝምታውን አልጠበቁትም፤ ባዶው ቦታ ላይ «ሄይ!» እያሉ ሞሉት። ያን ሁሉ ማታ የለፋሁበት ቦታ ላይ!

የሚያበግነኝ ሌላ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1985፣ በኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977፣ ኩዊን ዌምብሊ ስታዲየም ላይ የተጫወቱት ለኛው ሀገር ረሃብተኛ ነው። ሃያ ደቂቃ ገደማ። ሮጀር ቴይለር ኋላ እንደተናገረው የነሱ የድምፅ ባለሙያ ቀድሞ ሄዶ የድምፅ ገደቡን ለነሱ አስተካክሎ ነበር፤ የቀኑን ሁሉ ባንድ በድምፅ በለጡ። ለኛ ብለው ገደብ ያስነሱትን ሰዎች ቤዝ እኛ አስጠፋን።

እንግዲህ ልታዘጋጁ ካሰባችሁ ስሙኝ። ቢሮው ቀድማችሁ አሳውቁ ይላል። እኔ ደግሞ ቀኑን ወደ ቅዳሜ ከሰዓት አምጡት እላለሁ፤ ከሰዓት ማንም መዝገብ ይዞ አይመጣም። ሰብዉፈር (ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተሠራውን ትልቅ ስፒከር) አታስገቡ። የቤዙን አምፕሊፋየር ወለል ላይ አታስቀምጡ፤ ወፍራም ስፖንጅ ላይ ከፍ አድርጉት፣ ወለሉ ራሱ ስፒከር እንዳይሆንባችሁ። ፎቅ ላይ ጭራሽ አትከራዩ። ከሳውንድ ማኑ ጋር ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት ተነጋገሩ፦ ሰው ቢመጣ አጠቃላይ ድምፁን ትቀንሳለህ፣ አንድ መሣሪያ ለይተህ አታጠፋም። በጽሑፍ ይሁን። ደብዳቤው ላይ ደግሞ «ቤዝ ጊታርን ጨምሮ» የሚል ቃል አስገቡ። ይስቁባችኋል፤ ይሳቁ።

ሁለተኛውን ምሽት ቦታ አግኝተንለታል፣ አንድ ሕንፃ ሥር ቤዝመንት ውስጥ ነው። ባለቤቱን ይዤ ወርጄ ቤዙን እስከ ላይ ከፍቼ አሰማኋቸው፤ መንገድ ላይ ወጥተው አዳመጡና «ምንም የለም» ብለው ተመለሱ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፦ ደረጃው ድምፅ ስለሚያስተጋባ ከበሮው ቀነስ ይበል። ከበሮ መቺያችን ይኸው እስካሁን አኩርፎኛል።