ዴይዚ፦ ከአራት ቀለም ሁለት የቀረው የአበባ ስም

የእንግሊዝኛው የአበባ ስም «ዴይዚ» በእኛ ፊደል ሲጻፍ ሦስት ሆሄ ነው፤ ሲነገር ግን ሁለት ቀለም (በአንድ ምት የሚነገር የቃል ክፍል) ብቻ፦ ዴይ–ዚ። መካከል ያለችው «ይ» ሳድስ ስለሆነች ራሷን ችላ አትቆምም፣ ከ«ዴ» ጋር ተጣብቃ ትወጣለች። «ዴ–ዪ–ዚ» የሚል ሰው ያልነበረ ቀለም ጨመረ ማለት ነው። «ዴዚ» ብሎ ማሳጠርም ከ«ዴ» ወደ «ይ» ያለውን መንሸራተት ይገድላል። ድምፅ ከፍ የሚለው በመጀመሪያው ቀለም ላይ ነው፤ «ዚ» ላልታ፣ አጠር ብላ ትከተላለች።

እንግሊዝኛው በ«ኤስ» ስለሚጻፍ «ዴይሲ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ፊደሉ አያታላችሁ፤ በሁለት አናባቢዎች መካከል ስለገባ «ዝ» ሆኗል። ብዙ ቁጥሩ «ዴይዚዝ» ነው፣ ቀለሙም ሁለት እንደሆነ ይቀራል። «ሮዝ» ግን «ሮዚዝ» ስትሆን ከአንድ ወደ ሁለት ታድጋለች።

እስከ እ.ኤ.አ. 1100 ገደማ በተነገረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ስሙ ጥምር ቃል ነበር፤ ትርጉሙም «የቀን ዐይን»። አነባበቡ በግርድፉ ዳ–የስ–ኤኣ–ገ ነው፣ አራት ቀለም። የመጀመሪያው «ዳ» በ«ደ» እና በ«ዳ» መካከል ያለ ድምፅ ስለሆነ ፊደላችን በትክክል አይዘውም። «የስ» ላይ ያለው «ስ» «የቀን» ሲባል ያለውን የእኛን «የ» ሥራ ይሠራል፣ ግን ከቃሉ በኋላ ይመጣል። «ኤኣ» በአንድ ትንፋሽ የሚንሸራተት አንድ አናባቢ ነው፤ ለሁለት የሰነጠቀው አምስት ቀለም ይቆጥራል።

በጣም የሚያሳስተው «ጂ» የሚባለው ሆሄ ነው። በቃሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ ሁለቱም ግን እንደ ዛሬው «ግ» አይነበቡም። የመጀመሪያው «የ» ነው፤ ሁለተኛው በአረብኛ ጋይን እንደሚባለው ከጉሮሮ ይወጣል። በኋላ ሁለቱም ሟሙና «ቀን» «ዴይ»፣ «ዐይን» ደግሞ «አይ» ሆኑ። ጀርመንኛ ዐይንን እስከ ዛሬ «አውገ» ስለሚል «ግ»ው አልጠፋበትም።

ለምን «የቀን ዐይን»? አበባው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቤሊስ ፔሬኒስ፣ ሲመሽ ነጫጭ ቅጠሎቹን ወደ ላይ አጥፎ ቢጫውን እምብርት ይሸፍናል፤ ሲነጋ ይገልጠዋል። ሽፋሽፍት ያለው ዐይን ይመስላል። እንግሊዛዊው ገጣሚ ቾሰርም በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ስሙን እንዲሁ ፈትቶታል።

«ዴይዚ የማርጋሬት ማሳጠሪያ ነው» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ፈረንሳይኛ ዴይዚ መሳዩን አበባ «ማርገሪት» ይለዋል፤ ቃሉ ሥሩ ግሪክኛ ሲሆን ዕንቁ ማለት ነው። እንግሊዞች ከዚያ ተነሥተው ማርጋሬቶችን ዴይዚ ብለው አቆላመጡ እንጂ ሁለቱ ስሞች በሥር አይገናኙም። እ.ኤ.አ. በ1882 የተወለደችው የኮናውት ልዕልት ማርጋሬት፣ በኋላ የስዊድን አልጋ ወራሽ ሚስት፣ ለቤተሰቧ «ዴይዚ» ነበረች።