ሰኔ 24 የገባው ኤሌክትሮድ

ኤሌክትሮድ፣ ማለትም እየቀለጠ ብረት ከብረት የሚያያይዘውን የብየዳ ዘንግ፣ ሰኔ 24 ቀን የተረከበ የብየዳ ክፍል ዓመቱን ሙሉ በምን ሲያስተምር ከረመ? ይህችን ጥያቄ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የብረት ሥራ ቤት አለኝ፤ በር፣ መስኮት፣ አጥር፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። በአካባቢያችን ካሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አንዱ «የኢንዱስትሪ ተወካይ» ብሎ ቦርዱ ውስጥ ሲያስገባኝ ኮራሁ፤ ለሰርግ ብቻ የማወጣውን ሱፍ ለብሼ ሄድኩ። ወፍራም ሪፖርት እዚያው በር ላይ ታደለን። ዲኑ አነበበ። የበጀት አፈጻጸም 98 በመቶ። አንዱ አባል አመሰገነ፣ ሌላው ጥቂት የፊደል ግድፈት አረመ፣ እጃችንን አወጣን፣ ጸደቀ። ቡናው ገና ቶና ላይ እያለ ስብሰባው አለቀ።

98 በመቶ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በአጋጣሚ ነው። ከኮሌጁ ተመርቆ እኔ ጋ የተቀጠረ ልጅ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ አጣብቆ ቀረ። ሳት ያላለው ሰው የለም፤ ይሄኛው ግን ኤሌክትሮዱን የሚይዘው እንደ እርሳስ ነው። «ስንት ኪሎ አቃጥለሃል ስትማር?» አልኩት። «ኧረ ጋሼ፣ መምህሩ ሲበይድ ነው የምናየው፤ ዕቃ አልነበረም» አለኝ። ዕቃ እንዴት አልነበረም? በጀቱን ጨርሰናል ብለን አጨብጭበን የለም እንዴ?

በሚቀጥለው ስብሰባ ቀደም ብዬ ሄጄ ግምጃ ቤቱ ጋ ጎራ አልኩ። ዕቃ ግምጃ ቤቷ እናት የሚሆኑ ሴት ናቸው፣ እትዬ እንላቸዋለን። ሞዴል 19ኙን አሳዩኝ ብላቸው የመረከቢያውን ጥራዝ አወጡ። ሰኔ 24። የኤሌክትሮዱ፣ የላሜራው፣ የቱቦላሬው ቀን ሁሉ በሰኔ መጨረሻ ሳምንት ታጉሯል። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁሉም መሥሪያ ቤት ሰኔ ሲመጣ ይሮጣል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ልክ ነው። ጨረታ ወጥቷል፣ ሦስት ተወዳዳሪ ቀርቧል፣ ዕቃው ገብቷል፣ ክፍያው ተፈጽሟል። ኦዲተር ቢመጣም የሚይዘው ነገር የለም።

በያጅ ስለሆንኩ ግን ሌላም ነገር ታየኝ። ሰኔ ላይ የተገዛ ኤሌክትሮድ ክረምቱን ሙሉ የሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ነው የሚከርመው። ተራው ይቅር፤ ሰባ አሥራ ስምንት (7018) የምንለው የኤሌክትሮድ ዓይነት እርጥበት ከሳበ ብየዳው ውስጡ ይቦረቦራል፣ ይሰነጠቃልም፤ ምድጃ ውስጥ ካልደረቀ ለዋና ሥራ አይታመንም። ያን ጊዜ ነው የበጀት አፈጻጸም የሚባለው ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃን የተረዳሁት። ምን ያህል ወጣ ከሚለው ይልቅ መቼ ወጣ የሚለው ለሠልጣኙ ይበልጣል።

ስብሰባው ላይ ይህን ሳነሳ ዲኑ ተከፋ። እውነት ለመናገር አነጋገሬም ሻካራ ነበር፤ ሌባ ያልኩት መሰለው። ሰብሳቢያችን ከአስተዳደር የመጡ ብልህ ሰው ናቸው፤ «አብሽር፣ ማንም ማንንም አልከሰሰ» ብለው አበረዱንና ነገሩን ወደ ሥራ አዞሩት። የግዢ ዕቅዱ በጀት ዓመቱ ሳይጀምር ቦርዱ ፊት እንዲቀርብ፣ እያንዳንዱ ትልቅ ዕቃ የሚፈለግበት ወር እንዲጻፍበት ተወሰነ። ጨረታ ወራት ይፈጃል፤ ኅዳር ላይ የሚያስፈልገው ነሐሴ ላይ ካልተጀመረ አይደርስም። የሩብ ዓመት ሪፖርቱም በጥቅሉ መቅረቡ ቀርቶ በሒሳብ መደብ፣ ማለትም እያንዳንዱ የወጪ ዓይነት በየራሱ ቁጥር እንዲሆን ጠየቅን። 6217 ነዳጅ፣ 6231 ውሎ አበል እያልኩ እንደ ዳዊት ደገምኩት። ነዳጁና አበሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲነጉድ፣ የማሠልጠኛ ዕቃው መስመር ግን እስከ ግንቦት ዜሮ ሆኖ ሲቆይ ዓይን የሚያይ ነገር ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም።

የውስጥ ገቢው ነገር ከዚህ ይብስ ነበር። ኮሌጁ ዴስክና በር ሠርቶ ይሸጣል፣ አጫጭር ሥልጠና በክፍያ ይሰጣል። ገንዘቡ በደረሰኝ ይገባል፣ ባንክም ይገባል። ከዚያ በኋላስ? ለመምህራኑ የትርፍ ሰዓት ስንት፣ ለጥሬ ዕቃ መተኪያ ስንት፣ ለማሽን ጥገና ስንት? እንደየጊዜው፣ እንደየሰዉ። «የት ተጽፏል?» ስንል ሁሉም አንዱ ወደ ሌላው አየ። ሁለት ገጽ ደንብ ለመጻፍ አራት ስብሰባ ፈጀብን። መምህራኑ ድርሻችን አነሰ አሉ፣ ፋይናንስ ከመመሪያ ይጋጫል አለ፣ ረቂቁ ደሴ ለዞን ሄዶ ተመለሰ። እኔም ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በጭጋግ ስንት ጊዜ ወጣሁ ወረድኩ! በመጨረሻ ጥሬ ዕቃው ሳይተካ ማንም ድርሻ እንዳይወስድ የሚል አንቀጽ ገባ። ከጻፍነው ሁሉ እሷ አንቀጽ ትበልጥብኛለች።

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። በ2014 መጀመሪያ ደሴም ኮምቦልቻም ያዩትን አይተዋል፤ ኮሌጁም ተዘርፏል። የንብረት መዝገቡም አብሮ ስለጠፋ «በጦርነቱ ሄዷል» ለጥያቄ ሁሉ መልስ ሆነ፤ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት የጠፋውም ጭምር። እኛ ያደረግነው፣ እያንዳንዱ አሠልጣኝ በክፍሉ የነበረውን ከትውስታው እንዲጽፍ፣ ከእትዬ ዝርዝር ጋር እንዲተያይና ሁለቱም እንዲፈርሙ ነው። የማይገጥመው ብዙ ነበር። ያልገጠመውን «ያልተረጋገጠ» ብለን በቃለ ጉባኤ አሰፈርነው፤ ለመሰረዝም ለመክሰስም አልቸኮልንም።

የራሴን ጥፋት ሳልናገር ባልፍ ሐሜት ይሆንብኛል። አንዱ ቶርኖ፣ ብረት መቅረጫው ማሽን፣ ተበላሽቶ ሠልጣኞች ሥራ ፈቱ። እኔም በቅንነት «ለምን ጨረታ? እኔ ቤት አምጡት፣ በግማሽ ዋጋ ይሠራል» ብዬ ለዲኑ ደወልኩ። ዲኑ ደስ ብሎት እሺ አለ። ያስቆመን የውስጥ ኦዲተሩ ነው፤ ገና ወጣት ልጅ። «ጋሼ፣ ነገ የጥገና ወጪው ለቦርድ ሲቀርብ እጅዎን ያወጣሉ?» አለኝ። ፊቴ ጋለ። ርካሽ መሆኑ ምንም አይፈይድም፤ በአንድ ጊዜ ተቆጣጣሪም ተከፋይም ልሆን ነበር። በዚያ ላይ ጥገና ለማን ይሰጥ የሚለው የዲኑ ሥራ እንጂ የኔ አልነበረም። ጥቅሙ ያለበት አባል አስቀድሞ ይናገራል፣ ከክፍሉም ይወጣል የሚል ደንብ ያረቀቅኩት ራሴ ነኝ። ያ ልጅም በዓመት ሁለት ጊዜ ዲኑ በሌለበት ለቦርዱ እንዲናገር አደረግን።

ሰነድ በር ላይ የሚታደልበትን ልማድ ለማስቀረት ደግሞ ከሩቅ አገር ነው የተዋስነው። በካሊፎርኒያ የማኅበረሰብ ኮሌጆችን የሚመሩት በሕዝብ የተመረጡ ቦርዶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ ሕግ ስላለባቸው መደበኛ ስብሰባ ሊያደርጉ ሲሉ አጀንዳውን ከ72 ሰዓት በፊት ለሕዝብ ይለጥፋሉ። ሕዝቡ ገብቶ ያዳምጣል፣ ይናገራልም። የእኛ ለሕዝብ ክፍት አይደለም፤ ሦስቱን ቀን ግን ወሰድን። ሰነድ ከሦስት ቀን በፊት ካልደረሰን አንሰበሰብም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት አልደረሰም፤ ሰብሳቢው በተኑን። ከደሴ የመጣ አንድ አባል አበሉ ስለቀረበት አኮረፈ። ሦስተኛው ላይ ሰነዱ በአራት ቀን ቀድሞ መጣ።

አምና ኤሌክትሮዱ ኅዳር ውስጥ ገባ። ጣሪያው ግን አሁንም ያፈሳል፤ እሱ የካፒታል በጀት ስለሆነ በየዓመቱ ጠይቀን በየዓመቱ ይቆረጥብናል። ዕቃው ከመሬት ከፍ እንዲል ብዬ ከቤቴ ጥቂት ሳንቃ አስጭኜ ወሰድኩ። እትዬ ሳንቃውን ቆጠሩና መነጽራቸውን አደረጉ።

«በስጦታ ይላል» አሉ ጥራዙን እየገለጡ። «ሞዴል 19 ሳልቆርጥማ አላስገባም። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»