አንዷ አደይ ስድስት ስትሆን

ወዳጆቻችን፣ እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

በመስከረም ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ለቆመ ሰው ሐዋሳ ሁለት ናት። ጀልባው ከነቀዛፊው ተገልብጦ ውኃው ላይ ይታያል። ሐይቁ አንድ መስታወት ነው፤ አንድ መስታወት አንዱን ሁለት ያደርጋል፣ ከዚያ አያልፍም። ሁለት መስታወቶች በ60 ዲግሪ ሲጋጠሙ ግን በመካከላቸው የወደቀች አንዲት የአደይ ቅጠል ስድስት ሆና ትታያለች። አንዷ ራሷ ናት፣ አምስቱ ምስሏ። ካላይዶስኮፕ የሚባለው የቱቦ መጫወቻ የሚሠራው በዚህ ነው።

ብዙ ቀለም ባንድ ቦታ ሲታይ “ካላይዶስኮፕ ይመስላል” ማለት ተለምዷል። ገበያውም፣ የበዓል ልብሱም፣ የከተማችን ሕዝብም እንዲህ ይባላል። አባባሉን እንወደዋለን፤ ነገር ግን መሣሪያውን ከፍቶ ላየ ሰው ትርጉሙ ይለወጣል። ቱቦው ውስጥ ያለው ነገር እፍኝ አይሞላም። የቀረው ሁሉ ነጸብራቅ ነው፣ ነጸብራቅ ደግሞ በተደጋገመ ቁጥር ይደበዝዛል። አንድ መስታወት ከደረሰው ብርሃን 85 በመቶውን ቢመልስ፣ ሦስት ጊዜ የተንጸባረቀው ምስል ጋ የሚደርሰው 61 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ይህን መሣሪያ በ1816 እ.ኤ.አ. የሠራው ስኮትላንዳዊው የብርሃን ተመራማሪ ዴቪድ ብሩስተር ነው። የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በዓመቱ ነበር፤ ስሙንም “ውብ”፣ “መልክ” እና “ማየት” ከሚሉ የግሪክኛ ቃላት ገጣጥሞ አወጣለት። በእሱ ግምት በሦስት ወር ውስጥ ለንደንና ፓሪስ ላይ 200,000 ያህል ተሸጧል። አብዛኛው ያለፈቃዱ የተቀዳ ስለነበር ከገንዘቡ ብዙም አልደረሰውም። እኛን የሚያሳዝነን ግን ሌላው ቅሬታው ነው፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ በትክክለኛ ልክ የተሠሩት ምናልባት አንድ ሺህ እንኳ አይሞሉም ብሎ ነበር። ቱቦውን የቀዳው ሁሉ ልኩን አልቀዳም።

ልኩ ይኸው፤ ከልጆች ጋር ለመሥራት ግማሽ ቀን ይበቃል። መስታወት ቤት ሄዳችሁ ከአንድ ገጽ ላይ 3 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች አስቆርጡ፣ ውፍረታቸው 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ስለታም ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት እያረጠባችሁ እሹ፤ ይህ የትልቅ ሰው ሥራ ነው። ሦስተኛው ጎን ጥቁር የተቀባ ጠንካራ ካርቶን ነው፣ እሱም ልክ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ካርቶኑ በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሰፋ ማዕዘኑ ከ64 ዲግሪ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ክፍሎቹ አይገጥሙም፣ አበባው በአንድ በኩል የተቀደደ ይመስላል። ሦስቱን ጎን መስታወት ማድረግም ይቻላል፤ ያኔ አንድ አበባ መሆኑ ይቀርና ሥዕሉ እየደበዘዘ በየአቅጣጫው ይሄዳል። ለእንቁጣጣሽ ግን አንዲቱን አበባ እንመርጣለን።

መስታወቶቹን ከማጋጠማችሁ በፊት ፊታቸውን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። አንድ የጣት አሻራ ከቀረ እሱም ይበዛል፤ መስታወት አይመርጥም። ከዚያ በፕላስተር አስራችሁ የውስጥ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ ውስጥ አስገቡት። የጨርቅ ጥቅል መሃል ያለው ካርቶን ጥሩ ይሆናል። የመመልከቻው ቀዳዳ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ መሃል ላይ ሳይሆን ሁለቱ መስታወቶች ወደሚገናኙበት ጥግ ይጠጋ። የተሻለ መስታወት ለሚፈልግ፣ የተበላሸ ስካነር ውስጥ የሚያንጸባርቀው ቅባት ከኋላ ሳይሆን ከፊት የሆነ ቀጭን መስታወት አለ፤ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ በጣት ከተነካ ግን ይጫጫራል።

በሌላው ጫፍ የሚሆነው፣ ዶቃውና አበባው የሚገባበት ክፍል 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። ወደ መስታወቱ ያለው ክዳን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሆኖ ጫፉን ይንካ፤ ከራቀ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። የውጭው ክዳን በብርጭቆ ወረቀት የደበዘዘ ይሁን። ብርሃኑ ከኋላ ስለሚመጣ ውስጡ የሚገባው ነገር ብርሃን ማሳለፍ አለበት፤ ድፍን ጨሌ ምንም ቢያምር ጥቁር ነጥብ ብቻ ይሆናል። ብርሃን የሚያሳልፍ ዶቃ፣ የከረሜላ መጠቅለያ፣ ቀጭን ክር ይሆናሉ። አደይ ለመጨመር ቅጠሎቿን በወረቀት መሃል አድርጋችሁ ከባድ ነገር ጭናችሁ አንድ ሳምንት አድርቁ። እርጥቧን ከከተታችሁ ክዳኑ በላብ ይሸፈናል፣ ቆይቶም ይሻግታል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አትሙሉት። አንድ ሦስተኛው ይበቃል። ከሞላ ቢያዞሩትም አይንቀሳቀስም፤ አዲስ ሥዕል የሚመጣው ቁራጮቹ የሚወድቁበት ባዶ ቦታ ሲያገኙ ነው።

ዛሬ በየስልካችን የሚገባውን እዩ። አንዱ የአደይ ፎቶ ከስድስት ሰው ይመጣል፣ ከሥሩ ያለው ቃልም አንድ ነው። የላኩት ሁሉ እንደሚያስቡልን እናውቃለን፣ እናመሰግናለንም። ለዚህ በዓል የምንለምናችሁ ግን ለአንድ ሰው፣ ብዙ ላልሰማችሁት ሰው፣ የራሳችሁን ሁለት መስመር እንድትጽፉ ነው። ስሙን ጥሩት፣ እናቱ እንዴት እንደሆኑ ጠይቁት።

ቱቦው ሲያልቅ መጀመሪያ ለአያት ስጡ፤ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ጥርት ብሎ እንዲታያቸው የማንበቢያ መነጽራቸውን አድርገው ይዩ። ልጆች ወደ ፀሐይ እንዳያዞሩት ንገሯቸው፤ የመስኮት ብርሃን ይበቃል። የውጭውን ክዳን በሙጫ አትዝጉት፣ ፕላስተር ብቻ ይሁን፤ ለመስቀል ደግሞ ሌላ ነገር ይገባበታል።

መልካም አዲስ ዓመት!
ሐዋሳ፣ መስከረም 1