ሴሎቹ ሞተዋል፣ ማሽኑ ግን አልሰማም

ጅማ ላደገ ሰው ጥቁር እንጨት ብርቅ አይደለም። በኦሮምኛ ሆሚ የሚባለው ዛፍ ነው። ከቅርፊቱ የሚወጣው ኤክስትራክት (ጭማቂው በሉት) አውሮፓ ውስጥ በዕድሜ ለሚመጣ የፕሮስቴት፣ ማለትም የወንዶች ዕጢ፣ መተለቅ ሲሸጥ ኖሯል። መተለቁ ግን ካንሰር አይደለም። እኔ ለማስተርሴ ካንሰር ሴል ላይ ልሞክረው ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ያቃተኝ ማድረቁ ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጥላ ላይ ያሰጣሁት ቅርፊት ሻግቶ ተጣለ። ሁለተኛውን ፈጭቼ በሜታኖል ዘፈዘፍኩ፣ አጠለልኩ፣ አተነንኩት። ጣት ላይ የሚጣበቅ ጥቁር ቡናማ ነገር ቀረ።

ሴሎቹ ፒሲ-3 ይባላሉ፤ መነሻቸው ወደ አጥንት የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ነው። 37 ዲግሪና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋሉ። ቤቴ ሆኜ መብራት ድርግም ካለ ልቤ ሴሎቹን የሚያሞቀው ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩ ጋ ነው።

ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ ዘርቼ፣ ኤክስትራክቱን ጨምሬ፣ ከ72 ሰዓት በኋላ ኤምቲቲ የሚባል ቀለም አደረግኩበት። ቢጫ ነው፤ ሕያው ሴል ሲያገኝ ሐምራዊ ይሆናል፣ ማሽን ደግሞ ሐምራዊውን ይለካል። ታዲያ ከፍተኛው መጠን ያረፈበት መደዳ ላይ ማሽኑ ኤክስትራክት ካልነካቸው ሴሎች አንጻር 130 በመቶ አነበበ። መድኃኒት ስፈልግ ለካንሰሩ ቀለብ አገኘሁለት እንዴ! ሁለት ሳምንት ደጋገምኩት፣ ያው ነው።

የላቡ ቴክኒሻን "ሴሎቹን አይተሃቸዋል?" አለኝ። አላየሁም፤ ቁጥሩን ብቻ ነበር የማየው። ማይክሮስኮፕ ስር አስገባን። ጤነኛ ፒሲ-3 ፕሌቱ ላይ ተጣብቆ ይዘረጋል፤ የኔዎቹ ክብ ክብ ሆነው ይንሳፈፋሉ። "ወንድሜ፣ እነዚህማ አርባቸው ወጥቷል" አለ።

ሴል የሌለበት ጉድጓድ ውስጥ ኤክስትራክቱንና ኤምቲቲውን ብቻ ጨመርን። ሐምራዊ ሆነ! ለካ ፖሊፌኖል የሚባለው የቅርፊቱ ኬሚካል ያለ ሴል ራሱ ቀለሙን ይቀይረዋል።

አሁን ሴል አልባ መደዳ ሳላስቀምጥ፣ ኤክስትራክቱን የማሟሟበት ዲኤምኤስኦ ብቻ የገባበትን ሳልጨምር ፕሌት አልጀምርም። ዳር ያሉት ጉድጓዶች ስለሚተኑ ፈሳሽ ብቻ እሞላቸዋለሁ። ኤምቲቲ ከመጨመሬ በፊት ኤክስትራክቱን አጥባለሁ፣ የሞተ ሴል ብቻ በሚያቀልመው በትራይፓን ብሉም ቆጥሬ አመሳክራለሁ። ጤነኛ የፕሮስቴት ሴልም ጎን ለጎን፤ አለዚያማ በረኪናም ካንሰር ሴል ይገድላል።

የኔም ኤክስትራክት ጤነኛውን እኩል ነው የጨረሰው። አጎቴ በቀደም "ታዲያ ቅርፊቱን ቀቅዬ ልጠጣው?" ቢሉኝ፣ "ኧረ በፍጹም ጋሼ፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ" አልኳቸው።