አራት ቀን ብቆይ ኖሮ

መልቀቂያ ያስገባሁት በደስታ ነው። አዲሱ ሥራ ደመወዙ ይሻላል፣ ለቤት ይቀርባል፣ የሌሊት ሺፍት የለውም። የመጨረሻ ቀኔን ዓርብ ኦገስት 29 አደረግኩት። ሰኞ ሌበር ዴይ ስለሆነ ዝግ ነው፤ ማክሰኞ አዲሱ ጋ እገባለሁ። ስሌቴ በጣም ያማረ መስሎኝ ነበር።

ስለ ኢንሹራንስ ማንንም አልጠየቅኩም። አሜሪካ ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ የጤና ኢንሹራንስ ለኔ ከደመወዜ ላይ የሚቆረጥ ሒሳብና ቦርሳዬ ውስጥ የሚኖር ካርድ ነበር። ካርዱ እስካለ ድረስ ይሠራል ብዬ ነው የማምነው።

ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ የልጄን ኢንሄለር ላወጣ ፋርማሲ ሄድኩ። አስም አለባት። አስተናጋጇ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገች። ካርዱን ገልብጣ አየችው። እንደገና ነካ ነካ። «አይሠራም፤ ሌላ ካርድ አለህ?» አለችኝ። ከኋላዬ አምስት ሰው ተሰልፏል። ከኪሴ ከፍዬ፣ ደረሰኙን ጃኬቴ ውስጥ ጨምድጄ ወጣሁ።

መኪና ውስጥ ሆኜ ስልክ ጀመርኩ። የድሮው መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ የሚያበቃው በለቀቅክበት ወር መጨረሻ ነው። እኔ የለቀቅኩት ኦገስት 29 ስለሆነ ኦገስት 31 ላይ አበቃ። ማክሰኞን እዚያው ሠርቼ ረቡዕ አዲሱ ጋ ብገባ ኖሮ እስከ ሴፕቴምበር 30 ይሸፍነን ነበር። (ይሄም እንደየቤቱ ነው፤ ሥራ በለቀቅክበት ዕለት የሚያቋርጡም አሉ።) አዲሱ ደግሞ የመጠበቂያ ጊዜ አለው፤ የኔ የሚጀምረው ኖቬምበር 1 ነው ተባልኩ። ሕጉ እስከ 90 ቀን ድረስ ማስጠበቅ ይፈቅድላቸዋል። ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ የፈረምኩትም እኔው ነኝ። ብቻ ሁለት ወር ሙሉ ባዶ ሆንን።

የድሮው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። የማያውቁት ፎርም የለም። ደወልኩላቸው።

«ኮብራው አልመጣልህም?» አሉኝ።

«ምን?»

«ኮብራ!»

እኔ የማውቀው እባቡን ነው።

«ወፍራም ፖስታ ነው አንተ! ማስታወቂያ መስሎህ ጥለኸው እንዳይሆን።»

አልጣልኩትም። ባለቤቴ ከሱፐርማርኬት የቅናሽ ወረቀቶች ሥር አገኘችው። ሴፕቴምበር 15 የተጻፈ ነው። ኮብራ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ ነው። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ስትሠራ ቆይተህ ከወጣህ፣ ያንኑ የድሮ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 18 ወር ማስቀጠል ትችላለህ። ቤተሰብም አብሮ። ክፍያውን ግን ሙሉ በሙሉ የምትሸከመው አንተ ነህ። አሠሪህ ይከፍል የነበረው ድርሻ ወዳንተ ይዞራል፤ ከዚያ ላይ እስከ 2 በመቶ ለአገልግሎት ይጨመራል። ቁጥሩን ሳየው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከቤት ኪራያችን እምብዛም አያንስም።

«አሁን አትክፈል» አሉኝ ጋሼ። «ግን እንዳትጥለው። ፍሪጁ ላይ ለጥፈው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመወሰን 60 ቀን አለህ፤ የሚቆጠረው ሽፋኑ ከተቋረጠበት ወይም የኮብራው ማሳወቂያ ከተሰጠህ ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ነው። በመጨረሻው ቀን እንኳ «እፈልጋለሁ» ብትል ሽፋኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተቋረጠበት ዕለት ይጀምራል። ያለፉትን ወሮች ግን አንድም ሳይቀር ትከፍላለህ። የኔ 60 ቀን እስከ ኖቬምበር 14 ይሄዳል፤ አዲሱ ኢንሹራንስ ኖቬምበር 1 ይጀምራል። ምንም ካልተፈጠረ አንድ ሳንቲም አላወጣም። ማርኬትፕሌስም ነበር፣ ሰው በራሱ ኢንሹራንስ የሚገዛበት የመንግሥት ገበያ፤ ሥራ በመልቀቅ ኢንሹራንስ ያጣ ሰው እዚያም 60 ቀን ይሰጠዋል። እሱ ግን ከተመዘገብክ በኋላ ባለው ወር ነው የሚጀምረው፣ ወደ ኋላ አይሄድም።

ቁማር ነው፣ አልዋሽም። እርጉዝ ሚስት ያለው፣ በየሳምንቱ ሕክምና የሚመላለስ ሰው እንዲህ እንዲያደርግ አልመክርም። እኔ ራሴ የአስም ልጅ ይዤ ማድረጌ ዛሬም ይከነክነኛል።

ኦክቶበር ወደ መጨረሻው፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ልጄ ቀሰቀሰችኝ። መናገር አልቻለችም። ፒጃማዋን ገለጥ ሳደርግ በጎድን አጥንቶቿ መሃል ያለው ቆዳ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ኢንሄለሩን ሰጠናት፣ ለውጥ የለም። ኢመርጀንሲ ይዘናት በረርን። ጭምብል አድርገውላት ያ ነጭ ጭስ መውጣት ሲጀምር ነው እኔም የተነፈስኩት። መዝጋቢዋ «ኢንሹራንስ?» ስትለኝ የማየው ፍሪጁ ላይ ያለውን ፖስታ ነበር።

በማግስቱ ፎርሙን ሞልቼ በሪኮማንዴ ላክሁት። ለመጀመሪያው ክፍያ ከመረጥክበት ቀን ጀምሮ 45 ቀን ይሰጡሃል። እኔ አልጠበቅኩም። የሴፕቴምበርንና የኦክቶበርን ባንድ ላይ ከፈልኩ፣ ኖቬምበር ላይ አቆምኩ። ያመመኝ ክፍያ ነው። ግን ያላሰብኩት ነገር ተከተለ፤ ኮብራ ያው የድሮው ኢንሹራንስ ስለሆነ በዓመቱ ውስጥ ጨርሰነው የነበረው ዲዳክቲብል፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችን የምንከፍለው ማለት ነው፣ እንደተጨረሰ ተቆጠረልን። የጃኬቱን ደረሰኝ ሳይቀር ልኬ የኢንሄለሩ ተመለሰልኝ። በርግጥ የኢንሹራንሱ ኮምፒውተር ላይ ለሦስት ሳምንት «የተቋረጠ» እያለ ሲያሳይ ሆስፒታሉ ሒሳቡን ቤቴ ላከው። ደውዬ «እንደገና ለኢንሹራንሱ ላኩት» እስክል ድረስ ማንም በራሱ ተነስቶ አልላከውም።

አዲሱ መሥሪያ ቤት ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። ቤተሰብ ለማስመዝገብ 30 ቀን ነው የሰጡኝ፤ ያ ካለፈ እስከ ዓመታዊው ምዝገባ ጠብቅ ነው። ስማችንን ሞልቼ ላክሁ። የኤች አሯ (የሠራተኛ ጉዳይ ክፍሏ) ሴት ደወለች። «የሦስታችሁም የመጨረሻ ስም ይለያያል» አለችኝ፣ በጨዋ ድምፅ። የኔ የአባቴ፣ የልጄ የኔ፣ የባለቤቴ የአባቷ መሆኑን ሳስረዳት እሷም ግራ ተጋባች፣ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ። የልደት ሰርተፍኬት ላክን። የጋብቻ ወረቀታችን በአማርኛ ስለሆነ አስተርጉመን ላክን። 30ኛው ቀን ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው «ተቀብለናል» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ።

ካርዶቹ የመጡት ኖቬምበር ከገባ በኋላ ነው፣ በስስ ነጭ ፖስታ። የከፈተችው ባለቤቴ ናት። እሷ ሳታየው ከፖስታ ሳጥናችን የመጣ ወረቀት መጣል ከተከለከልኩ ቆይቻለሁ።