የጠዋቱን የቡና ገበያ መረጃ በኤአይ ረዳት የማዘጋጀው እንዲህ ነው

ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ሽያጭ ላይ ነው የምሠራው። የእኛ ቢሮ ጠዋት የሚከፈተው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ኒው ዮርክ ስንት ዘጋ?» የኒው ዮርኩን የቡና ገበያ መዝጊያ ዋጋ ማለታችን ነው። ከዚያ ምንዛሪው ይከተላል፣ የብራዚል አየር ይከተላል፣ የጭነቱ ጉዳይ ይከተላል። ድሮ ይህን ሁሉ ከየቦታው ነበር የምለቅመው። አንዱን ከቴሌግራም፣ አንዱን ከባንክ ድረ ገጽ፣ አንዱን ከገዢ ኢሜይል። አሁን ከጀሞ ሚኒባስ ይዤ ሜክሲኮ ሳልደርስ አንድ ገጽ አንብቤ እጨርሳለሁ። ገጹን የሚያዘጋጅልኝ የኤአይ ረዳት ነው። እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ልጻፍ፤ ቁጥር ላይ ለሚውል ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ሰው «የዛሬን የቡና ዜና ንገረኝ» ብሎ ይጀምራል። እንዲህ ብለህ ከጠየቅከው ረዳቱ ለማንም የሚሆን ጽሑፍ ይሰጥሃል። ቡና በዓለም ተወዳጅ መሆኑን፣ ዋጋው መዋዠቁን፣ የአየር ንብረት ለውጥ ስጋት መሆኑን ይነግርሃል። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ለጠዋት ሥራ ምንም አይፈይድም። ነገሩ የተቀየረው ስለ ቡና መጠየቁን ትቼ ስለ ራሴ ስጽፍለት ነው። ጽሑፉ ይህን ይመስላል፦

«አዲስ አበባ ያለ ቡና ላኪ ድርጅት ሽያጭ ክፍል ነኝ። የምንልከው የታጠበ ይርጋጨፌና ሲዳማ፣ ያልታጠበ ጉጂ ነው። ዋና ገዢዎቻችን ጀርመንና ሳዑዲ ናቸው። ጠዋት የምወስነው ሦስት ነገር ነው፦ ለገዢ ዋጋ ላቅርብ ወይስ ልቆይ፤ ከአቅራቢ ዛሬ ልግዛ ወይስ ነገ፤ ዋጋቸው ገና ያልተቆረጠ ኮንትራቶች ላይ ምን ላድርግ። ከእነዚህ አንዱን የማይነካ ዜና አታምጣልኝ።»

ትልቁን ሥራ የሠራችው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ገጹን በግማሽ አሳጠረችው። የተረፈውም በቀጥታ ከሥራዬ ጋር የሚገናኝ ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው የሰዓት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አዲስ አበባ ሲነጋ ኒው ዮርክ ገና እንቅልፍ ላይ ነው። የአረቢካ (የእኛም ቡና ዝርያ ነው) ገበያው በእነሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ15፣ ማለትም በፈረንጅ ሰዓት 4፡15 ላይ ይከፈትና ከቀኑ 1፡30 ላይ ይዘጋል። በእኛ ሰዓት ይህ በበጋቸው ከረፋዱ 5 ሰዓት ከሩብ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። እነሱ በክረምታቸው ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይገፋል። ስለዚህ ጠዋት «የዛሬ ዋጋ» የሚባል ነገር የለም። ያለው የትናንት መዝጊያ ነው፤ ሰኞ ከሆነ ደግሞ የዓርብ። ረዳቱ ግን ያገኘውን ቁጥር ሁሉ «ዛሬ» እያለ ይጽፍ ነበር። አሁን መመሪያው ላይ «መዝጊያ ዋጋ በል፣ የዋለበትን ቀን ከጎኑ ጻፍ፣ ሰዓት ስትጠቅስ በ24 ሰዓት አቆጣጠር የአዲስ አበባን ተጠቀም» የሚል አለ። ሪፖርቱ በየቀኑ እንዲመጣ ቀጠሮ ስይዝለትም 06:30 ብዬ ነው የምጽፈው። 12 ሰዓት ተኩል ካልከው ለምሳ ያመጣልሃል።

የኮንትራት ወርም እንዲሁ ነው። ኒው ዮርክ ላይ አረቢካ የሚሸጠው ወደፊት በሚረከብበት ወር ነው፤ ወራቱም አምስት ናቸው፦ ማርች፣ ሜይ፣ ጁላይ፣ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር። ነጋዴው ከአንዱ ወር ወደ ቀጣዩ ሲሻገር ረዳቱ የትናንቱን ከአንዱ፣ የዛሬውን ከሌላው ያነሳና «ገበያው ወረደ» ይላል። ገበያው ግን አልወረደም፤ የተቀየረው ወሩ ነው። ይህን ካላስተካከልክለት ለገዢ የምትልከው ዋጋ ራሱ የተሳሳተ መሠረት ላይ ይቆማል። «አንድን ወር ከራሱ ጋር ብቻ አወዳድር፣ የወሩን ስም ጻፍ» የሚል አንድ መስመር ችግሩን ፈታው።

ደስ ያለኝ ነገር የፈረሱላው ስሌት ነው። የኒው ዮርክ አንድ ኮንትራት 37,500 ፓውንድ ነው፤ ወደ 17 ቶን። የእኛ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ስለዚህ አንድ ኮንትራት ማለት አንድ ሺህ ፈረሱላ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። ዋጋው በሴንት በፓውንድ ይነገራል። 300 ሴንት ከሆነ አንድ ፈረሱላ 112 ዶላር ከምናምን ይመጣል። ረዳቱ ይህን በየጠዋቱ ወደ ብር ቀይሮ ይጽፍልኛል፤ ግን ስሌቱን ደረጃ በደረጃ እንዲያሳይ አዝዤዋለሁ። መልሱን ብቻ ካመጣ አላየውም። ስሌቱ ከታየ በአንድ እይታ ይጣራል። ይህ ቁጥር ለአቅራቢ የሚከፈለው እንዳልሆነ ደግሞ የገባው ይገባዋል፤ የማዘጋጃው፣ የማጓጓዣው፣ የብጣሪው (ተለቅሞ የሚወጣው ጉድለት ያለበት ፍሬ) ሁሉ ገና ከሱ ላይ ይነሳል።

ምንዛሪውን ድሮ በየቀኑ ማየት ያን ያህል አስፈላጊ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን አንድ ራሱን የቻለ መስመር ያስፈልገዋል። ኒው ዮርክ ሳይነቃነቅ ብሩ ብቻ ተንቀሳቅሶ ሒሳብህን ሊለውጠው ይችላል።

ከሁሉም በላይ የማጠብቀው መመሪያ ግን ይህ ነው፦ «እያንዳንዱን ቁጥር ከየት እንዳገኘኸውና የታተመበትን ቀን ጻፍ። ካላገኘህ አላገኘሁም በል።» «አላገኘሁም» ማለት እንደሚቻል ካልነገርከው ክፍተቱን በሆነ ነገር ይሞላዋል። ሲሞላው ደግሞ እንደ እውነቱ አሳምሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረትን የደን ጭፍጨፋ ደንብ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ይህ ደንብ ቡናው የተለቀመበት ማሳ የት እንደሆነ በካርታ ነጥብ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ጀርመን ለሚሸጥ ሰው ቀልድ አይደለም። በ2024 መጨረሻ ተግባራዊ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ከዚያ ተራዘመ። ኢንተርኔቱ ግን በአሮጌው ቀን በተጻፉ ጽሑፎች የተሞላ ነው። ረዳቱ ከእነሱ አንዱን ያነሳና እንደ ትኩስ ዜና ያቀርበዋል። አሁን ከሦስት ቀን በላይ የቆየ ጽሑፍ ዜና ብሎ እንዳያመጣ ከልክዬዋለሁ። የቆየ ከሆነ «ዳራ» ብሎ ለብቻው ያስቀምጠው።

ገጹ ከወቅቱ ጋር አብሮ መቀየር አለበት። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ሥራው ራሱ ነው ያስተማረኝ። ከጁን እስከ ኦገስት ብራዚል ላይ ውርጭ ይፈራል። በጁላይ 2021 የብራዚሏን የቡና ግዛት ሚናስ ዤራይስን ውርጭ መትቶት ዋጋው እንዴት እንደተተኮሰ የቡና ሰው አይረሳውም። በእነዚያ ወራት የደቡብ ሚናስን የሌሊት ሙቀት ትንበያ በየቀኑ እጠይቃለሁ። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ጥያቄው የብራዚል ቡና እንዲያብብ ወደሚያደርገው ዝናብ ይዞራል። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ የራሳችን ለቀማ አለ፤ ያኔ የማየው ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ዝናብ ይመታው እንደሆነ ነው። አንድ መመሪያ ዓመቱን ሙሉ ካስኬድክ በሐምሌ የሚያስፈልግህን በጥር ታነባለህ።

2025 ላይ ይህ ሁሉ ልፋት ዋጋ እንዳለው ታየኝ። በፌብሩዋሪ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ፤ ታይቶ የማይታወቅ ነበር። በኦገስት አሜሪካ ቡናን ጨምሮ በብዙ የብራዚል ዕቃ ላይ የ50 በመቶ ቀረጥ ጣለች፣ በኖቬምበር ደግሞ ከቡናው ላይ አነሳችው። እንዲህ ባለ ጊዜ ወሬው ከእውነቱ ይበዛል። ስለዚህ ገጹን ለሁለት ከፈልኩት። ላይ የሆነው ብቻ፣ ከነምንጩ። ታች «ለእናንተ ምን ማለት ሊሆን ይችላል» የሚል የረዳቱ አስተያየት፣ አስተያየት መሆኑ ተጽፎ። ዋጋው ይወጣል ወይስ ይወርዳል ብዬ ግን አልጠይቀውም። ከጠየቅከው ይመልስልሃል፤ አሳማኝ አድርጎም ይመልሳል። የሰው ገንዘብ ይዘህ በዚያ መልስ መወሰን ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

የሀገር ውስጡን መረጃ ብዙውን ጊዜ አያገኘውም። ኮንትራት የሚመዘገብበት ዝቅተኛ ዋጋ፣ አቅራቢዎች ዛሬ የሚጠሩት ዋጋ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ተዘግቷል፣ እነዚህ ያሉት ቴሌግራም ላይና ስልክ ላይ ነው። ማታ ማታ ሰብስቤ እለጥፍለታለሁ፤ ጠዋት ከሌላው ጋር አዋሕዶ ያመጣል። ስለጥፍ የገዢ ስም፣ የኮንትራት ቁጥርና የተስማማንበትን ዋጋ አላስገባም። «ገዢ ሀ»፣ «ገዢ ለ» ብዬ ነው የምጽፈው። የደንበኛ ምስጢር የእኔ ስላልሆነ ለማሽን የመስጠት መብት የለኝም።

ርዝመቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ምንም አዲስ ነገር ከሌለ «የለም» ብሎ እንዲዘጋ ንገሩት። ሦስት መስመር ብቻ የሚመጣባቸው ቀናት አሉ፤ እኔ በጣም የማምነው በእነዚያ ቀናት ነው። መብራት ወይም ኔትወርክ የሄደ ዕለት ደግሞ ቀጥታ ባንክ ደውዬ፣ የገበያውን ገጽ ራሴ ከፍቼ አያለሁ። ይህን ልማድ መተው አልፈልግም።

በቅርቡ ግዢ ክፍል ያለው ባልደረባዬ መመሪያዬን ወሰደው። እሱ ከወሩ አብዛኛውን ዲላና ይርጋለም ነው የሚያሳልፈው። ማንበብ ስለማይመቸው በድምፅ ነው የሚሰማው፣ መኪና ውስጥ። ከጻፍኩት ግማሹን ሰርዞ የራሱን አስገባ። በእሱ ገጽ ላይ ኒው ዮርክ አንድ መስመር ብቻ ናት፤ የቀረው ዝናብ፣ መንገድና የእሸት ቡና ዋጋ ነው።