ከምባሼ ወንዝ ማዶ ያሉ ጎጆዎች

ከምታታ ከተማ ተነሥተን ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወስደውን ዋና መንገድ የያዝነው ሰኔ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ወቅቱ በእኛ አገር ክረምት የሚገባበት ቢሆንም፣ በደቡብ አፍሪካው የምሥራቅ ኬፕ ክፍለ ሀገር ግን ሣሩ ደርቆ ቢጫ የሚሆንበት፣ ጧት ጧት አመዳይ የሚጥልበት፣ በኮረብታው ላይ ደግሞ የእሬት አበባ የሚቀላበት ደረቅ ብርድ ነበር። ሾፌሬ የዖሳ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው። ድንገት ፍጥነቱን ቀነሰና በጣቱ ሳይሆን በአገጩ ወደ ግራ አመለከተኝ። ከመንገዱ ራቅ ብሎ በላስቲክ የተሸፈኑ ትንንሽ ጎጆዎች ይታያሉ፤ አጠገባቸውም ፊታቸውን በነጭ አፈር የተቀቡ፣ ብርድ ልብስ የተከናነቡ ሦስት ወጣቶች ቆመዋል። «አባክዌታ ናቸው፤ እዚህ አንቆምም» አለኝ።

አባክዌታ የሚባሉት ኡልዋሉኮ በተሰኘው ሥርዓት ውስጥ የሚያልፉ ልጆች ናቸው። በዖሳዎች ዘንድ አንድ ወንድ ለአቅመ አዳም ደረሰ የሚባለው ዕድሜው ስለገፋ ወይም ስላገባ ሳይሆን ተገርዞ፣ ከመንደር ተለይቶ፣ በሽማግሌዎች ተመክሮ ሲመለስ ነው፤ ይህን ያላለፈ ሰው ሠላሳ ዓመት ቢሞላውም ያው «ልጅ» ነው፣ በወንዶች ጉባኤም ቃሉ አይሰማለትም። ኢንግቺቢ የሚባለው ገራዥ በስለቱ ሲቆርጠው ልጁ «ንዲዪንዶዳ!» ማለትም «ወንድ ነኝ!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ቁስሉን የሚጠብቅለትና የሚያስተምረው ኢካንካታ የተባለ ሞግዚት ነው። ጊዜው ሲያበቃ ጎጆው ከነአሮጌ ዕቃው ይቃጠላል፤ ልጆቹም ወደ ኋላ ሳይዞሩ ይሄዳሉ።

ምባሼ ወንዝ ድልድይ ላይ ስንደርስ ግን መኪናውን አስቆምሁ። በዚህ ወንዝ ዳር፣ ትያላራ በተባለ ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ኔልሰን ማንዴላ በ16 ዓመቱ ከሌሎች ልጆች ጋር ተገርዞ ዳሊቡንጋ የሚለውን ስም አግኝቷል። ስለዚያ ቀን ሲያወሳ፣ ሕመሙ አፍዝዞት «ወንድ ነኝ» የሚለውን ቃል ለመጮኽ ጥቂት እንደዘገየና ሌሎቹ ከእርሱ ይልቅ ጠንካሮች መስለው እንደታዩት አልደበቀም። እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ የሚናገር የዖሳ ሰው ብዙ የለም፤ በጎጆው ውስጥ የሆነው በጎጆው ውስጥ ይቀራልና። ጉዞዬ በገፋ ቁጥር አእምሮዬን የያዘውም ይኸው ነገር ነበር፤ ሥርዓቱን እስከ ዛሬ አስከብሮ ያቆየው ምስጢር፣ የታመመ ልጅ ሐኪም ዘንድ እንዳይደርስ በሩን የሚዘጋውም ራሱ ምስጢሩ ነው።

ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በዚህ ክፍለ ሀገር በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች በሥርዓቱ ላይ ሞተዋል። የሚገድላቸው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃ እንዳይጠጡ ስለሚከለከሉ ሰውነታቸው ይደርቃል፣ ኩላሊታቸውም ይደክማል፤ ቁስሉ ከመጠን በላይ ጠብቆ ሲታሰር ደም አይዘዋወርም፣ ሥጋውም ይበሰብሳል፤ ለብዙ ልጆች አንድ ስለት ሲያገለግል በሽታ ይተላለፋል፤ በድብደባና በብርድ የሚያልቁም አሉ። ከሞት የተረፉ ሆነው ብልታቸውን ያጡም ጥቂት አይደሉም። በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የወንድ ብልት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በኬፕ ታውን አካባቢ በሚገኘው ታይገርበርግ ሆስፒታል የተደረገው እንዲህ ላለ የ21 ዓመት ወጣት ነበር።

በማግስቱ ከምታታ በስተ ምሥራቅ ወደምትገኘው ሊቦዴ ሄድን። አገሩ የምፖንዶዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 የሞተው ንጉሣቸው ፋኩ ግርዛትን እንዳስቀረ ይነገራል፤ ልማዱ በስፋት የተመለሰው በቅርብ አሥርት ዓመታት ነው። ታዲያ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው እውቀት አንዴ ተቋርጧልና፣ ትናንት የተገረዘ ጎረምሳ ዛሬ ገራዥና ሞግዚት ሆኖ ይገኛል። ልጆቹም የእኩዮቻቸውን ፌዝ ፈርተው፣ ለወላጆቻቸው ሳይናገሩ፣ ፈቃድ ወደሌለው ጎጆ በገዛ እግራቸው ይሄዳሉ። ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ ከዚህ አካባቢ መሆናቸው አላስገረመኝም።

ሊቦዴ ውስጥ ብርድ ልብስ የሚሸጥ የሆሳዕና ልጅ አገኘሁ። በደቡብ አፍሪካ ትንንሽ ከተሞች ሱቅ የከፈቱ የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው። ከጎጆ ለሚወጡት ለ«አማክርዋላ» የሚሆነውን ኮት፣ ቆብና አዲስ ብርድ ልብስ በረድፍ ደርድሯል። «እናቶች ገና ልጆቹ ጫካ እያሉ መጥተው ይገዛሉ፤ ልጁ እንዴት ነው ብለህ ብትጠይቅ ግን እነሱም አያውቁም፤ ሴት አይነገራትም» አለኝ። ንግዱ እንደጠቀመው አልደበቀም፣ ፊቱ ግን ደስታ አልነበረበትም።

መንግሥት ዝም አላለም። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ሕግ ገራዡም ጎጆውም ፈቃድ እንዲኖራቸው ያዝዛል፤ በ2021 የወጣው አገር አቀፍ ሕግ ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይገባ ይከለክላል። ከሕጎቹ ይልቅ ብልኅነት ሆኖ ያየሁት ግን የታመሙት ከሌላው በሽተኛ ተለይተው፣ ወንድ ነርሶች ብቻ እየረዷቸው የሚያገግሙበትን ማደሪያ ማዘጋጀቱን ነው፤ ምክንያቱም ሆስፒታል የገባ ልጅ «ግማሽ ወንድ» እየተባለ ዕድሜውን ሙሉ ይሰደባል።

በመጨረሻው ቀን ሾፌሬ አንድ ኢካንካታ አስተዋወቀኝ፤ በጆሃንስበርግ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ብዙ ዘመን የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። መቼ እንደተገረዝሁ ጠየቁኝ። በተወለድሁ በስምንተኛው ቀን መሆኑን ስነግራቸው ሳቁ። «እንግዲያ ቆዳህን ቆረጡልህ እንጂ ማን አስተማረህ?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ በእሳቸው ልጅነት ሥርዓቱ ወራት ይፈጅ እንደነበረ፣ ዛሬ ግን በትምህርት ቤት ዕረፍት ውስጥ እንዲያልቅ ተብሎ ወደ ሦስትና አራት ሳምንት ማጠሩን፣ አባቶችም ለሥራ ርቀው ስለሚቀሩ ልጆቻቸውን የሚጎበኝ መጥፋቱን አወጉኝ። «ቁስሉ አለ፣ ትምህርቱ ሄዷል» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ልጆቹ ስለሚከለከሉት ውኃ ጠየቅኋቸው። ወዲያው አልመለሱልኝም። ወደ መኪናችን ሄደው ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ከኋላ ጫኑና መንገዱ ለሁለት እስከሚከፈልበት ድረስ እንድናደርሳቸው ለመኑን። እዚያ ስንደርስ ወርደው፣ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ልጆቹን በጨለማ በትንሽ በትንሹ እንደሚያጠጧቸው፣ አብረዋቸው የሚሠሩት ሰዎች ግን ይህን እንደማያውቁና ቢያውቁ «ልጆቹን ሴት አደረግሃቸው» ብለው እንደሚያባርሯቸው ነገሩኝ። የመንደሩን ስም እንዳልጽፍ አስማሉኝ። ከዚያ ወዲያ መሄድ ስላልተፈቀደልን፣ ሽማግሌው ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ እያንፏቀቁ ወደ ቁጥቋጦው ሲወስዱ መኪናው ውስጥ ሆነን ጠበቅን።